በጉባኤ የተቆጠረ ወር

ሚዛን ተፈሪ ሆስፒታል ሥራ የጀመርኩ ዕለት የጨቅላ ሕፃናቱን ክፍል ያስረከበችኝ ኃላፊያችን ሲስተር እልፍነሽ ነበረች። ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ ጋውን አቀበለችኝና እጄን እስከ ክርኔ እንድታጠብ አዘዘችኝ። ታጥቤ ስመለስ አላመነችኝም፤ ፊቷ ቆሜ ደግሜ ታጠብኩ። ከዚያ ማሞቂያው ላይ ወደተኛ ሕፃን ወሰደችኝና በስንት ወሩ የተወለደ ይመስልሻል አለችኝ። ካርዱን ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ቸብ አደረገችው።

«ካርዱን ሰው ነው የጻፈው። ልጁን እይ» አለች።

የእግሩን መዳፍ አሳየችኝ። ጊዜውን የጨረሰ ልጅ መዳፉ እስከ ተረከዙ ድረስ መስመር አለው፤ ያልጨረሰው ልስልስ ነው። ጆሮውን አጥፈሽ ስትለቂው ወዲያው ቀጥ ካለ ደርሷል፣ እንደታጠፈ ከቀረ ገና ነው። ጀርባው ላይ ያለው ስስ ጸጉር፣ የጡቱ ጫፍ፣ ክንዱን ሲስቡት አጥፎ የመመለስ ጉልበቱ፣ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። የሕፃናት እግር ሳገላብጥ ዋልኩ።

ክፍሉ ያኔ ሁለት ማሞቂያና አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበረው። ትንፋሽ ለሚያጥረው ልጅ አየር የምንገፋበትን መሣሪያ ከቀጭን ቱቦና ከውኃ ፕላስቲክ እኛው እንገጥመዋለን። የቱቦው አንዱ ጫፍ አፍንጫው ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ውኃው ውስጥ ይገባል፤ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ካለ አየሩ እየሄደ ነው ማለት ነው። ዛሬ የተሻለ ዕቃ አለ። ያ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ስንቱን ልጅ እንዳተረፈ እኔ አውቃለሁ። ዕቃ ሲጎድል እንደምንም ይሟላል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሲያንገበግበኝ የኖረው ሰው እያወቀ ዝም ሲል ነው።

ቁጡ ናት ይሉኛል። ነኝ። የምቆጣበትን ልንገራችሁና ፍረዱ።

እርጉዝ ሴት ለክትትል ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠየቀው የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበር ነው። የጽንሱ ዕድሜ የሚሰላው ከዚያ ተነሥቶ ነው። መቼ እንደምትወልድ፣ ልጁ በልኩ እያደገ መሆን አለመሆኑ፣ ምን መድኃኒት እንደሚሰጣት፣ ሁሉም ያንን ቀን ይከተላል። እኛ ጋ ግን ጥያቄው ለሴትየዋ ይቀርባል፣ መልሱ ከሌላ አፍ ይመጣል። ባል ይመልሳል። አማት ትመልሳለች። ትናንት ራት ምን እንደበላ የማያስታውስ ወንድ የሚስቱን የወር አበባ ቀን እንደ መዝሙር ያነበንበዋል። ሴትየዋ አማርኛ የማትችል ከሆነች ደግሞ አስተርጓሚውም እሱው ነው፤ እሷ ምን እንዳለች እግዜር ይወቀው።

አንድ ጊዜ ከሸኮ የመጣች ወጣት ባሏ አንድ ወር ሲናገርላት ፊቷን አኮሳተረች። እሱን መድኃኒት እንዲያመጣ ላክሁትና ቋንቋዋን በምታውቅ የጽዳት ሠራተኛ በኩል ጠየቅኋት። ቡናው ካበበ በኋላ ነው የቀረብኝ አለች። ቡና በዚያ ዓመት መቼ እንዳበበ የሀገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቀኑን ከዚያ አገኘነው። ባልየው ሲመለስ ለምን ሌላ ቀን ነገርከን ብዬ ስጠይቀው፣ ዝም ከምል ብዬ ነው አለ።

አጃቢ ውጪ ይጠብቅ ብዬ ለነርሶች ኃላፊዋ ለሜትረኗ ስንት ጊዜ አመለከትኩ። ቤተሰብ ይቀየመናል፣ ባህሉም አይፈቅድም አለችኝ። የሴት ልጅ ቀን በአማቷ አፍ ይነገር የሚል ባህል የት እንዳለ እስከ ዛሬ ያሳየኝ የለም።

አሁን ስለ ዘነበች ላውራ። የሁሉንም ስም ቀይሬያለሁ፤ እንድጽፈውም የፈቀደችልኝ እሷው ናት። ዘነበች ቴፒ ውስጥ አስተማሪ ናት። ባሏ ማቴዎስ ቡና አቅራቢ ነው፤ የራሱ ማድረቂያና መፈልፈያ አለው። ተጋብተው ለብዙ ዓመት ልጅ አላገኙም። እንዲህ ሲሆን ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የማቴዎስ እናት እትዬ ወርቄ ልጃቸው ሌላ እንዲያገባ በግልጽ አልተናገሩም። የጎረቤት የልጅ ልጅ ባዩ ቁጥር ግን ምራታቸው በምትሰማበት ይተክዙ ነበር።

እትዬ ወርቄ በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ ጸሎተኛ ናቸው። መስከረም ላይ በተደረገው ጉባኤ ዘነበች ወደ ፊት ወጥታ ተጸለየላት። ቆየት ብሎ ማርገዟ ሲታወቅ እትዬ ወርቄ ተነሥተው መሰከሩ፤ በመስከረሙ ጉባኤ ማህፀኗ ተከፈተ አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። ከዚያ በኋላ የዘነበች ወር ከመስከረም መቆጠር ጀመረ። ቆጣሪው ደግሞ ብዙ ነው። የሴቶቹ የጸሎት ኅብረት መሪ እህት ፀሐይ በየስብሰባው ይህን ያህል ወር ሆነ፣ ይህን ያህል ቀረ እያለች ታበሥር ነበር።

በሰኔ አጋማሽ በዚህ ቆጠራ ቀኗ አለፈ። እትዬ ወርቄ ልጁ ሊታፈን ነው ብለው ምራታቸውን በሚኒባስ አሳፍረው ሚዛን አመጧት። ማቴዎስም አብሮ መጣ።

የማህፀን ሐኪማችን ዶክተር ሳሙኤል እንደ ደንቡ ጠየቃት። እኔ የሚወለደውን ልጅ እንድቀበል ተጠርቼ መጋረጃው አጠገብ ቆሜያለሁ። የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር ሲላት ዘነበች ባሏን አየችው። እትዬ ወርቄ ቀደሙ። ነሐሴ መጨረሻ ነው፣ ከጉባኤው በፊት፣ ጉባኤው በሙሉ ምስክር ነው አሉ። ዶክተሩ ወደ ማቴዎስ ዞሮ ልክ መሆኑን ጠየቀው። ማቴዎስ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የታየችው አልትራሳውንድ አለ ወይ ተባለ። ማቴዎስ የለም አለ።

አልትራሳውንድ ሲታይ ልጁ በጣም ትንሽ ሆነ። እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳ። በእርግዝና መጨረሻ መሣሪያው የሚያሳየው የልጁን መጠን ነው፤ መቼ እንደተፀነሰ በእርግጠኝነት አይናገርም። የተነገረው ቀን እውነት ከሆነ፣ ቀኑን አልፎ ይህን ያህል ያነሰ ልጅ ምግብ ያጣ፣ የቀጨጨ ልጅ ነው፤ አንድ ቀን ማደሩም ያሰጋል። ቀኑ ውሸት ከሆነ ግን ያው ልጅ ተመችቶት የሚያድግ ጤነኛ ነው። ዶክተሩ የተነገረውን አመነ። አባትና አያት ፊቱ ቆመው የተናገሩትን ባያምን ነበር የሚገርመኝ።

ኦፕራሲዮን ተወሰነ። ዘነበች በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ዶክተር፣ ትንሽ ብንቆይስ?»

«ከዚህ በላይ ስንት ወር ልትቆዪ ነው?» አሉ እትዬ ወርቄ። ከመጋረጃው ወዲያ የነበሩት ሰዎች ሳቁ።

ሴት ልጅ ተወለደች። ወዲያው አላለቀሰችም። ማሞቂያው ላይ አጋድሜ አደራረቅኋት፤ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ታቃስታለች። አየሩን ካያያዝኩላት በኋላ እግሯን አየሁ። ልስልስ ነው። ጆሮዋን አጠፍኩት፤ እንደታጠፈ ቀረ። የቀጨጨ ልጅ ጭንቅላቱ ከገላው ጋር የማይመጣጠን፣ ቆዳው የሚላላጥ፣ ፊቱ የሽማግሌ ነው። ይህች ሁሉ ነገሯ ልክ ነው፣ ጀርባዋ ጸጉር ለብሷል። ዶክተር ሳሙኤል ኦፕራሲዮኑን ጨርሶ፣ ታጥቦ መጣ። እኔ ምንም ሳልለው ራሱ አገላብጦ አያት። 

«ይህች አልቀጨጨችም» አለ። «ያለ ጊዜዋ ነው ያወጣኋት።»

ብናውቅ ኖሮ አናወጣትም ነበር። ምጥ እንኳ በራሱ መጥቶ ቢሆን የልጁን ሳንባ የሚያጠነክረውን መርፌ ለእናትየዋ አስቀድመን እንሰጥ ነበር። ቀኗን ላለፈች እናት ያ መርፌ አይሰጥም፤ ስለዚህ አልተሰጣትም። ይህን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ።

ልጅቷ ተርፋለች፤ ልባችሁ እንዳይሰቀል አሁኑኑ ልንገራችሁ። አተራረፏ ግን በመከራ ነው። እየደከመች ትንፋሽ ታቆማለች፤ እግሯን በጣታችን እየነካካን እንቀሰቅሳታለን። መጥባት ስለማትችል ወተቱን ከእናቷ እያለብን በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ እናንጠባጥብላታለን። ሌሎቹ ነርሶች ተራቸው ሲያልቅ እንኳ ሳያይዋት አይሄዱም ነበር። ዶክተር ሳሙኤልም ጠዋት ጠዋት የራሱ በሽተኞች ጋ ሳይደርስ መጀመሪያ እኛ ጋ ይገባል። ጥፋት የሌለበት ሰው እንዲያ ሲሸማቀቅ ማየት ሌላ ንዴት ነው።

በተወለደች ማግስት ዘነበች ወደተኛችበት ክፍል ሄድኩ። እትዬ ወርቄን ለልጅቷ ጥጥ ይግዙ ብዬ ገበያ ላክኋቸው። ጥጥ አልቸገረንም። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጬ ልጅሽ መቼ ተፀነሰች አልኳት። 

«ኅዳር ነው ያስቀመጡልኝ» አለች።

ቀስ እያለች ነገረችኝ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄደው፣ በላብራቶሪ የሚደረገውን የመካንነት ሕክምና በድብቅ ጀምረዋል። ከእሷ እንቁላል፣ ከእሱ ዘር ተወስዶ ጽንስ ተሠራ። ነገር ግን ከመርፌው ብዛት ሆዷ ተነፍቶ ታመመች። ሐኪሞቹ በዚህ ሰውነት አናስቀምጥልሽም ብለው ጽንሱን በቅዝቃዜ አቆዩላትና እስክታገግም ላኳት። መስከረም ላይ ጉባኤ ፊት ስትቆም ሆዷ ውስጥ ምንም አልነበረም። ኅዳር አጋማሽ ተመልሳ ሄደች፤ ያን ጊዜ ማህፀኗ ውስጥ አስቀመጡላት፣ ያዘ። አልትራሳውንዱንም እዚያው ታይታለች። የልጁ ዕድሜ የሚሰላው ጽንሱ ከተቀመጠበት ቀን ተነሥቶ መሆኑን ለሁለቱም አስረድተዋቸዋል።

ይህን ስሰማ ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። እኛ እኮ ሴቶችን ዝናብ ነበር ወይ፣ በዓል ነበር ወይ፣ ቡና አብቦ ነበር ወይ እያልን ቀን የምንለቃቅም ሰዎች ነን። ቀኗን ከዘነበች ይበልጥ አጥርታ የምታውቅ እርጉዝ እጄ ላይ ገብታ አታውቅም። የሷ ቀን ነው እንዲህ የተበላሸው።

ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ማቴዎስ ለምኗት ነበር። እናቴ ሕዝብ ፊት መስክራለች፣ ውሸታም ልናደርጋት ነው ወይ ብሏታል። ሰው ሳያያት ጓዳ እየገባች ስትወጋ የከረመችውን መርፌ እንኳ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር የምትደብቀው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እሱን ስትነግረኝ ድምጿ ወረደ። ሲመረመሩ ችግሩ የተገኘው በእሱ ነው። ሕክምናው ከታወቀ ለምን ታከማችሁ ይባላል፤ ያኔ ነገሩ ወደ እሱ ይመጣል። ሚስቱ ለዓመታት መካን ስትባል አጠገቧ ቆሞ ሲሰማ የኖረ ሰው ይህ እንዲመጣበት አልፈለገም።

ማቴዎስን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ሁሉንም እንደነገረችኝ ነገርኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ መሣሪያው ራሱ የሚያሳያቸው መስሎኝ ነበር አለ። ሐኪሙ ከተሳሳትኩ ያርመኛል ብሎ ነው ራሱን የነቀነቀው።

«እናንተ ጋ አረንጓዴ ቡና የሚለቅም ለቃሚ ምን ይደረጋል?» አልኩት።

«ይባረራል።»

«ልጅህን ግን አረንጓዴ አስለቀምካት።»

ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። አላዘንኩለትም። በዚያ ሰዓት የማዝንለት ሰው ካለ ውስጥ በቱቦ የምትተነፍሰው ነበረች።

ልጅቷ ከቱቦው ስትላቀቅ የሚያስፈልጋት የሰው ገላ ነበር። እንዲህ ያሉትን ሕፃናት ራቁታቸውን ደረት ላይ ለጥፈን በጨርቅ እናስራለን፤ ከማሞቂያ ይልቅ ይስማማቸዋል። ዘነበች የኦፕራሲዮኑ ቁስል አመርቅዞ ትኩሳት ይዟታል። ስለዚህ ማቴዎስን ሸሚዝህን አውልቅ አልኩት። እዚህ ሰው ያየኛል አለ። ይህ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ የሚፈራው የሚያየውን ሰው ነው። ደግሜ አውልቅ አልኩት፤ አወለቀ። አሰርኩለት። ለሐቁ ያህል፣ ከዚያ በኋላ ልጅቷን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲቀመጥ ሰለቸኝ አላለም፣ ስለ መፈልፈያውም ጠይቆ አያውቅም። ለእናቱ ግን አሁንም አልነገራቸውም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ፣ እህት ፀሐይና ጥቂት ሰዎች ሊጠይቁ ከቴፒ መጡ። ዘነበች ትኩሳቱ ለቋት አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ማቴዎስ አጠገቧ ወንበር ላይ ነው፤ ከሸሚዙ መሐል የልጅቷ ኮፍያ ብቻ ይታያል። እኔ ወተት በሲሪንጅ እየቀዳሁ ነበር። እህት ፀሐይ ጎንበስ ብላ አየችና ቀኗን አልፋ የተወለደች ልጅ እንዴት ይህን አከለች አለች። ጥያቄው በቅን ነው የተጠየቀው።

«እሷ መቼ ትበላ ነበር» አሉ እትዬ ወርቄ። «ልጄን ሆዷ ውስጥ አስራበቻት።»

ሁሉም ዘነበችን አዩ። ማቴዎስን ጠበቅሁት። አንገቱን ደፍቶ የልጅቷን ኮፍያ ያስተካክላል። ያን ሰው በዚያች ደቂቃ እጄ ላይ በነበረው ነገር ያልመታሁት ሲሪንጅ ስለሆነ ነው። አፌን ስከፍት ዘነበች ቀደመችኝ።

«ልጄ አልተራበችም» አለች። «ጊዜዋ አልደረሰም ነበር። በመስከረም አላረገዝኩም። አዲስ አበባ ታክመን፣ ጽንሱን ያስቀመጡልኝ በኅዳር ነው። ማቴዎስም አብሮኝ ነበር፤ ቀኑን ያውቃል።»

መጋቢው ወደ እሱ ዞሩ። እውነት ነው ወይ አሉት። እውነት ነው አለ። እትዬ ወርቄ አጠገብ ያለውን አልጋ ጠርዝ ይዘው ቁጭ አሉ። ዘነበች ለምን መታከም እንዳስፈለጋቸው ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተናገረችም። በዚያ ሰዓት እንኳ ሸፈነችለት። እኔ ብሆን አልሸፍንለትም ነበር። አሁን ይህን የጻፍኩት ማቴዎስም ይጻፍ ስላለ ነው።

መጋቢው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ማቴዎስን እያዩ ተናገሩ።

«ይህን ለመናገር ምን አስፈራችሁ? ብትነግሩኝ ለሐኪሞቹም እንጸልይላቸው ነበር።»

ይህን ስሰማ ጭራሽ ተቃጠልኩ። የፈሩት ሰው እንግዲህ ይህ ነው። ልጅቷ ሳንባዋ ሳይደርስ የወጣችው፣ እናቷ ያለ ምክንያት የተቀደደችው፣ ማንም ላልጠየቃቸው ውሸት ነው።

ጸልየው ወጡ። ማቴዎስ ልጅቷን ለእኔ ሰጥቶ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ እናቱን ተከትሎ ሄደ። ቱቦውን ይዤ ወተቱን ሳንጠባጥብ እህት ፀሐይ ሻርፔን ረስቼ ብላ ተመለሰች። ሻርፑ አንገቷ ላይ ነበር። ዘነበች አጠገብ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እኔ ግን ከሁለቱም አንድ ክንድ አልርቅም።

«ቦታው የት ነው?» አለቻት።

«ለማን?» አለች ዘነበች።

«ለራሴ።»

እህት ፀሐይ ካገባች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ልጅ የላትም። ይህን ያኔ ነው ያወቅሁት። የሰው ወር ስትቆጥር የከረመችው ሴት የራሷን የሚቆጥርላት አጥታ ኖራለች።

«ብቻ አደራሽን» አለች ቀጥላ፣ «ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

ዘነበች ትቆጣታለች ብዬ ጠበቅሁ፤ መብቷም ነበር። ስልኳን አውጥታ የሐኪም ቤቱን ቁጥር ሰጠቻት።

«ለማንም አልነግርም» አለቻት። «አንቺ ግን ያስቀመጡልሽን ቀን ለምትከታተልሽ ነርስ ራስሽ ንገሪያት። ባልሽ ዝም በይ ቢልሽም ንገሪ።»

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በቦታዬ ለተተካችሁ የምለው ይህን ነው፤ እርጉዝ ሴትን ቀኗን ብቻዋን ጠይቋት። የነገረቻችሁ ቀን ሌላው ሰው ከሚለው ጋር ካልገጠመ የእሷን ጻፉ።